ልጄ ደም ሲቀዳ እንዴት ልያዘው?

ስለ ልጆች የደም ምርመራ የደረሱን ጥያቄዎች ስለበዙ በዚህ እትም አንድ ላይ እንመልሳቸዋለን። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ደም ማነስ አለበት ተብሎ በየጊዜው ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ይታዘዝለታል። ባለፈው አልጋ ላይ አስተኝተው፣ ሁለት ሰው እግሩን አንድ ሰው ትከሻውን ይዞ ነው የቀዱት። አሁን ነጭ ጋውን ሲያይ ገና ከበር መጮህ ይጀምራል። በሚመጣው ሳምንት ቀጠሮ አለው፤ ምን ላድርግ?
*እናት፣ ከአዳማ*

መልስ፦ የሁለት ዓመት ልጅ መርፌ ምን እንደሆነ በቅጡ አያውቅም። በጀርባው ተንጋሎ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተጭነውት፣ እናቱን ሊደርስባት ያልቻለበትን ሰዓት ግን አይረሳም። ስለዚህ ለውጡን ከአያያዙ ይጀምሩ።

ክፍሉ ውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር ይጠይቁና ይቀመጡ። ልጁን ደረቱ ከደረትዎ እንዲገጥም አድርገው ጭንዎ ላይ ፊት ለፊት ያስቀምጡት፤ እግሮቹ በወገብዎ ግራና ቀኝ ይውረዱ። በአንድ እጅዎ ጀርባውን እቅፍ ያድርጉት። ደም የሚቀዳበት ክንዱ በብብትዎ ሥር ወይም በጎንዎ በኩል አልፎ ጠረጴዛ ላይ ወይም ትራስ ላይ ይዘርጋ። ባለሙያው ወይም ረዳቱ የሚይዘው ክርኑንና አንጓውን ብቻ ነው። ልጁ በትከሻዎ ላይ ወደ ኋላ ስለሚያይ መርፌው አይታየውም፤ እርስዎንም አቅፏል። በዚህ አያያዝ የሚንቀሳቀሰው ተጭነው ከያዙት ያነሰ ነው፤ ባለሙያውም ይቀለዋል። «እዚህ እኛ የምንሰራው በአልጋ ነው» ቢባሉ ተቆጥተው ሳይሆን ረጋ ብለው «አንዴ እንዲህ እንሞክረውና ካልሆነ ወደ አልጋው እንሄዳለን» ይበሉ። አብዛኛው ባለሙያ አንዴ ካየው እምቢ አይልም።

ቀጥሎ የምንናገረው ነገር አለ። እኛ ሀገር ልጅ ሲያለቅስ ከአፋችን የሚቀድመው «አይዞህ፣ አይዞህ፣ ምንም አይልህም» ነው። ከልብ የሚወጣ ቃል ነው። ግን በመርፌ ሰዓት ልጆችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት ነገር አለ፤ ትልቁ ሰው በጭንቀት ድምፅ ባጽናና ቁጥር የልጁ ጭንቀት ከፍ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አይዞህ የሚባለው ክፉ ነገር ሲመጣ መሆኑን ልጁ ያውቃል። «አያምም» ማለቱ ደግሞ የባሰ ነው። መርፌው ሲገባ ማመሙ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ልጁ የሚቀጥለውን ቃልዎን አያምንም። ይልቅ የሚሆነውን በቅደም ተከተል፣ በአጭሩ፣ በተለመደው ድምፅዎ ይንገሩት፦ «አሁን እጅህን ታጸዳልሃለች፤ ይቀዘቅዝሃል። ከዚያ ቆንጠጥ ያደርግሃል። እስከ አምስት እንቆጥራለን። እኔ አቅፌሃለሁ።» «አታልቅስ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን ይተዉት፤ ማልቀሱ አይጎዳውም። ከእሱ የምንፈልገው እጁን አለማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

መቼ ይንገሩት? በዚህ ዕድሜ ጠዋት ከቤት ሲወጡ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር። ሦስት ቀን ቀድመው ቢነግሩት ሦስት ቀን ይፈራል። ከአምስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ግን ዋዜማውን መንገር ይሻላል፤ ለመጠየቅ ጊዜ ይፈልጋል። «ሱቅ ልንሄድ ነው» ብሎ ወስዶ ላቦራቶሪ ማስገባት በየትኛውም ዕድሜ አይገባም። በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ በአሻንጉሊት «ሐኪም ሐኪም» ይጫወቱ፦ ክንዷን ማሰር፣ በጥጥ ማጽዳት፣ እስከ አምስት መቁጠር፣ ፕላስተር መለጠፍ። መርፌ የሌለው ነገር ይጠቀሙ።

የስልኩን ቪዲዮ ክንዱ ሳይታሰር በፊት ይክፈቱለት። ማልቀስ ከጀመረ በኋላ የተከፈተ ስልክ አያየውም። በዚህ ዕድሜ ከስልክ የተሻለ የሚሠራ የሳሙና አረፋ መንፋት ነው። በትንሽ ብልቃጥ ውሃና የሳሙና ፈሳሽ፣ አንድ ስትሮው ይዘው ይሂዱ፤ እርስዎ ይነፋሉ፣ እሱ ያያል። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ መንፋት ይችላል፤ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ረዘም አድርጎ እፍ ሲል ትንፋሹ ይረጋል፣ ጡንቻውም ይላላል። ምርጫም ይስጡት፤ ምርጫው ግን እውነተኛ ይሁን። «ግራ እጅ ወይስ ቀኝ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። «እንቀዳ?» ጥያቄ አይደለም፤ «አይ» ካለ ምን ሊሉት ነው?

ባዶ ሆዱን አይውሰዱት። ለሲቢሲ መጾም አያስፈልግም፤ ሐኪሙ በግልጽ «ሳይበላ ይምጣ» ካላለ በስተቀር ይብላ፣ ውሃም ይጠጣ። ውሃ ያነሰው ልጅ ደም ሥሩ ይጠፋል፤ የተራበ ልጅ ደግሞ ቀድሞውንም ለቅሶ ላይ ነው። በብርድ ከገቡ እጁን ያሙቁት።

ሲያበቃ ከዚያ ክፍል ቶሎ ይውጡ። ማታ ላይ የሆነውን ደግመው ይንገሩት፣ ግን በደንብ የሠራውን እየመረጡ፦ «አለቀስክ፤ እጅህን ግን እስከ አምስት ይዘህ ቆየህ፤ ከዚያ ፕላስተሩን ራስህ መረጥክ።» ልጅ የሚያስታውሰው ቤት ውስጥ ደጋግሞ የተተረከለትን ነው። ዘመድ በመጣ ቁጥር «እንዴት አድርጎ እንደጮኸ!» እየተባለ ከተወራ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ፍርሃት እኛው እያዘጋጀን ነው። «ካልበላህ መርፌ አስወጋሃለሁ» የሚለው ማስፈራሪያም እንዲሁ። ጎረቤትም፣ ሞግዚትም፣ አያትም እንዲያቆሙ በትህትና ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከቤት ከመውጣታችን በፊት ፓራሲታሞል ብሰጠው ህመሙ አይቀንስለትም?
*አባት፣ ከደሴ*

መልስ፦ አይቀንስለትም። መርፌ ሲገባ የሚሰማው ሹል፣ ቅጽበታዊ ህመም ነው፤ ፓራሲታሞል ይህን ዓይነቱን አያስታግስም። ትኩሳት ወይም ሌላ ህመም ካለበት ለዚያ ይሰጠው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከውጭ ኤምላ የሚባል የሚያደነዝዝ ክሬም ላከችልኝ። የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ፣ የሰባት ወር ሕፃንም አለኝ። እንዴት ነው የሚቀባው? ለሁለቱም ይሆናል?
*እናት፣ ከባህር ዳር*

መልስ፦ ኤምላ ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን የተባሉ ሁለት ማደንዘዣዎች እያንዳንዳቸው 2.5 በመቶ ያሉበት ክሬም ነው። ቆዳ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ላቦራቶሪ በር ላይ ሲደርሱ ቀብተው ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚገቡ አሉ፤ ያ ምንም አይጠቅምም። መርፌው ከመግባቱ ቢያንስ 60 ደቂቃ ቀድሞ መቀባት አለበት። ስለዚህ ወረፋውን ገምተው ከቤት ቀብተው ይውጡ።

ለአራት ዓመቷ፦ ከክርኗ ፊት ለፊት ያለችው እጥፋት ላይ ከ1 እስከ 2 ግራም ያህል ጉብ አድርገው ያስቀምጡ። ቱቦው ባለ 5 ግራም ከሆነ ይህ ከአምስት አንድ እጅ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ማለት ነው። አያሹት፤ ወፍሮ መቀመጥ አለበት። በላዩ አብሮት የሚመጣውን ግልጽ ልጣፊ ያድርጉ፤ ከሌለ ስስ ላስቲክ ጠርዙን በፕላስተር አጣብቀው እጅጌዋን ያልብሷት። ላስቲኩን ነቅላ አፏ ውስጥ እንዳትከት፣ ክሬሙን ነክታም ዓይኗን እንዳታሽ አይንዎን አይንቀሉ። የአንዱ ክንድ ደም ሥር እምቢ ቢል ሌላው ያልደነዘዘ እንዳይሆን ሁለቱንም ክንድ ይቀቡ። ከመርፌው 10 ደቂቃ ያህል በፊት ያንሱትና ይጥረጉት። ቆዳው ነጣ ብሎ፣ ደም ሥሩም የጠፋ መስሎ ቢታይ አይደንግጡ፤ ክሬሙ ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ነው። በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ክንዱን በሞቀ ጨርቅ ቢጠቀልሉት ይመለሳል። ቁስል ወይም የተላጠ ቆዳ ላይ አይቀባም፤ ችፌ ያለበት ቆዳ ደግሞ ቶሎ ስለሚመጠው ሐኪም ሳይጠይቁ አይቀቡ።

ለሰባት ወሩ ግን ረጋ ብለው ያንብቡ። ከ3 እስከ 12 ወር ዕድሜ ላለ፣ ክብደቱም ከ5 ኪሎ በላይ ለሆነ ሕፃን በጠቅላላው ከ2 ግራም አይበልጥም፤ ማለትም ሁለት ቦታ ከቀቡ ለየቦታው 1 ግራም። ከ3 ወር በታች ላለው 1 ግራም ብቻ፣ ከአንድ ሰዓትም አይለፍ፣ ያውም በሐኪም ትእዛዝ። ዋናው ጥንቃቄ ይህ ነው፦ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ሆኖ ኮትሪሞክሳዞል (ባክትሪም የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) እየወሰደ ያለ ሕፃን ኤምላ አይቀባም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ሊቀንስ፣ ሕፃኑም ከንፈሩ ሊጠቁር ይችላል። ኤችአይቪ ካለባት እናት የተወለዱ ሕፃናት መከላከያ ብለው የሚወስዱት ይህንኑ ሽሮፕ ስለሆነ፣ ደግሞም ደም በብዛት የሚሰጡት እነሱ ስለሆኑ፣ ይህን ሳንጽፍ ማለፍ አልፈለግንም። የጂ6ፒዲ እጥረት (በዘር የሚተላለፍ የቀይ ደም ሕዋስ ችግር) ያለበት ልጅም እንዲሁ አይቀባም።

አንድ ሌላ ነገር፦ ክሬም ሲጠፋ የመርፌ ሊዶኬይን ከብልቃጥ በጥጥ ቆዳ ላይ የሚቀቡ አሉ። ያ ፈሳሽ ባልተላጠ ቆዳ ዘልቆ አይገባም፤ ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ የስድስት ሳምንት ልጃችን ተረከዙን ተወግቶ ደም ወረቀት ላይ ተወሰደለት። ባለቤቴ ላጥባው ስትል «ጨቅላ ብዙም አይሰማውም፤ ደግሞ ትን ይለዋል» ተባለች። እውነት ነው?
*አባት፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ ይሰማዋል። ጨቅላ ህመም አይሰማውም የሚለው እምነት በሕክምናው ዓለም እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ነበረ፤ በዓለም ታላላቅ ሆስፒታሎች ሳይቀር ጨቅላዎች በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸው ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ ያወጧቸው ሥራዎች ይህን ለወጡት። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1997 በካናዳ አና ታዲዮና ባልደረቦቿ ያሳዩት ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው፦ ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ወንዶች ልጆች ከአራት እስከ ስድስት ወር ሆኗቸው ሲከተቡ፣ በኤምላ ከተገረዙትም ካልተገረዙትም ይልቅ አብዝተው አለቀሱ። ሕፃኑ በቃል አይነግረንም እንጂ አካሉ ይዞት ይቆያል።

ማጥባቱ ለዚህ ዕድሜ ከሁሉ የተሻለው ማስታገሻ ነው፤ ዋጋም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ክትባት ህመም ባወጣው ምክር ማጥባትን ይመክራል። ጡቱን በደንብ ይያዝ፤ ከመወጋቱ 2 ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ ቢቻል 5፣ ይጀምር፤ ሲወጋም አያቋርጥ። ተነጥሎ ካለቀሰ ተመልሶ እንዲይዝ ይጠብቁት። ትን እንዳይለው ራሱ ከፍ ብሎ ወደ እናቱ ፊቱን ዞሮ መታቀፉን ያረጋግጡ። ባለሙያው ከታች በኩል ተረከዙ ላይ ስለሚሠራ ቦታ አይጋጩም።

እናት አብራ ከሌለች ጥቂት የስኳር ውሃ ይረዳል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይሟሟል፤ ከዚያ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ፣ ከመወጋቱ 2 ደቂቃ ቀድሞ ይንጠባጠብለታል። የሚቆየው ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ነው። ይህ ለመርፌዋ ሰዓት የሚሰጥ ማስታገሻ እንጂ ምግብ አይደለም፤ ቤት ገብቶ ለለቅሶው ሁሉ የሚሰጥ እንዳይሆን። ጊዜው ሳይደርስ ለተወለደ ወይም ለታመመ ሕፃን ሐኪሙ ሳያዝ አይሰጥም። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ያመጣል።

ተረከዝ ሲወጋ ቦታው ወሳኝ ነው። ከአውራ ጣቱ መካከል ወደ ተረከዝ አንድ መስመር፣ ከአራተኛውና ከአምስተኛው ጣት መሃል ሌላ መስመር ቢሰመር፣ የሚወጋው ከሁለቱ መስመሮች በውጭ በኩል ያለው የተረከዙ ጎንና ጎን ነው። መሃሉና የኋላው ክብ አይነካም፤ አጥንቱ ቅርብ ነው። ቀድሞ በሞቀ ጨርቅ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ማሞቅ ደሙን ስለሚያመጣው መጭመቁን ያስቀራል፤ ከመወጋቱ ይልቅ ሕፃኑን የሚያስለቅሰው አብዛኛውን ጊዜ መጭመቁ ነው። ኤምላ ተረከዝ ላይ አይሠራም። ብዙ ደም ከተፈለገና እጁ የሰላ ባለሙያ ካለ፣ ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ ሕፃን ከእጅ ጀርባ ደም ሥር መቅዳቱ ከተረከዙ ያነሰ ያማል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ ስምንት ኪሎ ናት። ሦስት ብልቃጥ ደም ወሰዱባት። ያቺ የምታክል ልጅ ደሟን አልጨረሱትም?
*አያት፣ ከጎንደር*

መልስ፦ እማማ፣ ሥጋትዎ ይገባናል፤ ብልቃጦቹ ሦስት ሆነው ሲደረደሩ ብዙ ይመስላሉ። ልጅ በኪሎ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም አላት። ስምንት ኪሎ ከሆነች 640 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በቡና ሲኒ ቢለካ ስምንት ሲኒ ገደማ። ለእያንዳንዱ የልጆች ብልቃጥ 1 ሚሊ ሊትር ቢወሰድ ሦስቱ ተደምረው የሻይ ማንኪያ አይሞሉም፤ ሰውነቷ በጥቂት ቀናት ይተካዋል። ብልቃጡ ሦስት የሆነው ውስጡ ያለው ነገር ስለሚለያይ ነው፦ ሐምራዊ ክዳን ያለው ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለበት፣ ለሲቢሲ ነው፤ ቀዩ ወይም ቢጫው ለጉበት፣ ለኩላሊትና ለመሳሰለው።

ሥጋቱ እውነት የሚሆነው ሆስፒታል ተኝተው በየቀኑ ለሚቀዱ በጣም ትንንሽ ጨቅላዎች ነው። አንድ ኪሎ የሆነ ሕፃን በጠቅላላው የአንድ ሲኒ ያህል ደም ብቻ ነው ያለው። እዚያ ላይ ወላጅ «ምርመራዎቹን በአንድ መርፌ ማድረግ ይቻላል?» ብሎ ሐኪሙን ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ለአንድ ዓመት ልጃችን የሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ምርመራ ተብሎ ጣቱን ሊወጉት ነው። ክሬም ብቀባው?
*ወላጆች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ*

መልስ፦ ለጣት ክሬም አይረዳም፤ የጣት ጫፍ ቆዳ ወፍራም ነው። በጣት ምርመራ ላይ ትልቁ ሥራ መታጠብ ነው። ቆዳው ላይ የቀረ ትንሽ የሊድ ብናኝ ከደሙ ጋር ከተቀላቀለ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል፤ ያኔ ልጁ ሁለተኛ ይወጋል። ስለዚህ ሊወጋ ሲል እጁን በሞቀ ውሃና በሳሙና በደንብ ይታጠብ፣ ከታጠበም በኋላ ምንም አይንካ። ሙቀቱ ደሙንም ያመጣዋል። የሚወጋው የመሃል ጣት ወይም የቀለበት ጣት ጎን ነው፤ የጫፉ መሃል ነርቭ ስለሚበዛበት ይበልጥ ያማል። እጁ ከልቡ ዝቅ ይበል፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ ትጠረግ፤ ጣቱ አይጨመቅ።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጨማሪ ክትትል ያስፈልገዋል የሚለው በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። የጣቱ ውጤት እዚያ ከደረሰ ከደም ሥር ተቀድቶ ይረጋገጣል፤ ክሬም የሚጠቅመው ለዚያኛው ነው። እዚያ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው ባለ 4 በመቶ ሊዶኬይን 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ልጅዎ ከ2 ዓመት በታች ስለሆነ ግን ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይቀቡት። የልጆች ሆስፒታል ከሄዱ «ቻይልድ ላይፍ ስፔሻሊስት» አለ ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ሥራቸው ልጅን ለእንዲህ ያለው ነገር ማዘጋጀት ነው። ለሕፃኑ ዓይን ኩል ይቀባ ከነበረም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሊድ ያለባቸው ኩሎች አሉ።

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ተኩል ልጄ ደም ሲቀዳ ጮኾ ጮኾ ድምፁ ጠፋ፤ ከንፈሩ ጠቆረና ዝልፍልፍ አለ። ውሃ ረጩበት፣ ክብሪት አሸተቱት። ትንሽ ቆይቶ ነቃ። የሚጥል በሽታ ይሆን?
*እናት፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ እንደገለጹት ከሆነ ለቅሶ ላይ ትንፋሽ መያዝ የሚባለውን ይመስላል። ከስድስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይታያል፤ ልጁ ሆን ብሎ የሚያደርገው አይደለም። ሲያለቅስ ትንፋሹን አውጥቶ መልሶ አይስብም፣ ይጠቁራል፣ ራሱን ይስታል፤ ራሱን ሲስት ትንፋሹ በራሱ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አንዳንዱ ሳያለቅስ በህመሙ ድንጋጤ ብቻ ነጭ ሆኖ ይወድቃል።

ሲሆን በጎኑ ያስተኙት፤ ራሱን እንዳይመታ ይጠብቁ። አይነቅንቁት፣ ውሃ አይርጩበት፣ አፉ ውስጥ ጣትም ማንኪያም አይክተቱ፣ ክብሪቱም ይቅር፤ የሰልፈር ጭስ ከማሳል በቀር አይጠቅመውም። ከአንድ ደቂቃ በላይ ካልነቃ፣ ወይም ሳያለቅስና ሳይመታ ድንገት ከወደቀ፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ፣ ሳይዘገይ ሐኪም ይየው፤ የልብ ምርመራም ሊያስፈልገው ይችላል። የመጀመሪያው ከሆነ በማንኛውም ሁኔታ አንዴ ይታይ። ሐኪሙን ስለ አይረን ይጠይቁት፦ ይህ ችግር ደም ማነስ ካለበት ልጅ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል፤ አይረን ሲሰጣቸውም ይቀንስላቸዋል። የተቀዳው ደም ውጤት ምን ይላል? ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ከመቅዳታቸው በፊት ለባለሙያው ይንገሩት፤ ሳያውቅ ካየው እጁ ይንቀጠቀጣል።

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ክሬም የለንም፣ የሚረዳኝ ሰው የለም፣ ወረፋው ረጅም ነው። ተጨማሪ ጊዜ ሳልወስድ ምን ማሻሻል እችላለሁ?
*ከወሎ*

መልስ፦ ልጅን ሁለቴ እንድንወጋው የሚያደርጉንን ነገሮች ማጥፋት ጊዜ ይቆጥባል እንጂ አይወስድም። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

አልኮሉ ይድረቅ። 70 በመቶ አልኮል ቀብተው ወዲያው ሲወጉ አልኮሉ በመርፌው ቀዳዳ ገብቶ ያቃጥላል፤ ልጁ እጁን የሚመነጭቀው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ደሙንም ሊያበላሸው ይችላል። 30 ሰከንድ ይበቃል፤ በዚያ ሰዓት ብልቃጡ ላይ ስም ይጻፉ፣ ከልጁም ጋር ያውሩ። በአፍ እፍ ብሎ ወይም በእጅ አራግቦ ማድረቅ ጽዳቱን ያፈርሳል። ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። ደም ሥር ፍለጋው ከረዘመ ይፍቱት፣ ክንዱ ወደ ታች ይንጠልጠል፣ እናት በመዳፏ ታሙቀው፣ ከዚያ እንደገና ይሰሩ። ወፍራም ሕፃን ላይ የክርኑ እጥፋት ካስቸገረ የእጁን ጀርባ ይዩ።

ለትንሽ ልጅ ባለ 23 ጌጅ መርፌ፣ ቢገኝ ባለ ክንፉ (ቢራቢሮ የሚሉት)፣ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጋር ይሻላል። በባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሲሳብ የልጅ ደም ሥር ይጣበቅና ደሙ ይቆማል፤ «ደም ሥሩ ጠፋ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ቀስ ተብሎ ይሳብ። ወደ ብልቃጥ ሲገባም በኃይል አይገፋ፤ ቀይ የደም ሕዋሱ ይሰበርና ፖታሲየሙ በሐሰት ከፍ ይላል። ሐምራዊው ብልቃጥ ሳይወዘወዝ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ብሎ ይገለባበጥ። ከልጁ ጋር ስንታገል ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ እንረሳዋለን፣ ደሙ ይረጋል፣ ሲቢሲው አይሠራም፣ እናትየው በማግስቱ ልጇን ይዛ ትመለሳለች። ያን ልጅ ሁለተኛ ያስወጋው ያልተገለባበጠው ብልቃጥ ነው።

ረዳት የለኝም ብለዋል፤ እናትየው አለች። ገና ስትገባ ሥራዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሯት፦ «ወንበሩ ላይ ተቀመጪ፣ ወደ አንቺ አዙረሽ እቀፊው፣ ይህን ክንዱን ብቻ ለእኔ ስጪኝ።» ሥራ የተሰጣት እናት ትረጋለች። ትልቅ ልጅ ከሆነ ደግሞ በስሙ ይጥሩት። ሲሪንጁንና መርፌውን ልጁ ሳይገባ አዘጋጅተው በጨርቅ ይሸፍኑ። ከበሩ አንድ መጋረጃ ቢሰቀል ተራ የሚጠብቁት ልጆች የውስጡን አያዩም። ትንንሾቹን ወረፋ አስቀድሙ፤ አንድ ሰዓት የሌላውን ልጅ ጩኸት የሰማ ልጅ ሲገባ መያዣ የለውም።

ቁጥርም ይወስኑ። አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይሞክር። ሁለቱ ካልሆኑ ባልደረባ ይምጣ፤ ባልደረባ ከሌለና ምርመራው አስቸኳይ ካልሆነ ልጁ ጠጥቶ፣ ሞቆ፣ ወይም ለነገ ተቀጥሮ ይመለስ። መርፌ ቆዳ ውስጥ እያለ ወዲያና ወዲህ መፈለግ «ያው አንድ ሙከራ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ በጣም ያማል።

ማሰሪያው መርፌው ከመነቀሉ በፊት ይፈታ። ከተነቀለ በኋላ ክንዱ አይታጠፍ፤ ታጥፎ የተያዘ ክንድ ይበልጥ ይጠቁራል። ቀጥ ብሎ ጥጡ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ይጫን፤ ሦስት ዓመት ካለፈው ራሱ ልጁ ይጫነው፤ ያን ያህል ሰዓት ሥራ አለው። ከዚያ በታች ላለው ልጅ እናት ትጫነው፤ ፕላስተሩንም ከመንገድ በፊት ታንሳ፣ ነቅሎ ይውጠዋል።